ሰባት ወይስ ሰባ? የአኃዝ ቦታ ዋጋና የቅነሳ ስሌት ሥርዓት

ዐረብኛና አማርኛ የአንድ የቋንቋ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ዝምድናቸው በብዙ ቃላት ላይ የሚታይ ሲሆን ለተማሪም ትልቅ እገዛ ያደርጋል። በቁጥር ስሞች ላይ ግን ይኸው ዝምድና አንዳንድ ጊዜ ያሳስታል። በዐረብኛ አራት «አርበዓ»፣ አምስት «ኸምሳ»፣ ሰባት «ሰብዓ»፣ ስምንት ደግሞ «ሠማኒያ» ይባላሉ። እነዚህን ቃላት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ አማርኛ ተናጋሪ ጆሮው የሚወስደው ወደ አርባ፣ ወደ ሃምሳ፣ ወደ ሰባና ወደ ሰማንያ ነው። ስሞቹ ይመሳሰላሉ፤ ዋጋቸው ግን በአሥር እጥፍ ይለያያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአንድ የባሕረ ሰላጤ ከተማ በቤት ሠራተኝነት የምትኖር አንዲት እህት ከአሠሪዋ ጋር እንዳስተረጉምላት በስልክ ጠየቀችኝ። በቤቱ ልማድ መሠረት «በቃላ» የሚባለው የሰፈር ሱቅ ዕቃ በዱቤ ያቀርባል፤ ዕቃውን የሚያመጣው ሰው ዋጋውን በቃል ይነግራታል፤ እርሷም በደብተር ትመዘግባለች። ወሩ ሲያልቅ የእርሷ ደብተር ድምር 912 ድርሃም፣ የሱቁ ሒሳብ ግን 849 ድርሃም ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ 63 ድርሃም ነው። ገንዘቡ ገና አልተከፈለም ነበርና የጎደለ ነገር አልነበረም፤ የተነካው መተማመኑ ነበር። «ማዳም፣ እኔ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበራትም።

ልዩነቱን ስሰማ አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። 63ን ያቆሙት ሁለቱ አኃዞች፣ 6 እና 3፣ ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። «ደብተርሽ ላይ 70 ተብሎ የተጻፈ ዋጋ አለ?» ብዬ ጠየቅኋት። አለ፤ የእርጎና የሎሚ ዋጋ ነበር። ሱቁ በዚያው ቀን በራሱ መዝገብ ያሰፈረው 7 ድርሃም ነው። አቅራቢው «ሰብዓ» ብሏል፤ እርሷ ሰባ ብላ ጽፋለች። ነገሩ በዚያው ተቋጨ።

ያ ጥያቄ ከየት እንደመጣ ለማስረዳት ከመሠረቱ መነሣት ያስፈልጋል። መሠረቱም የአኃዝ ቦታ ዋጋ ነው። ይህን የተረዳ ሰው በቅነሳ ስሌት ውስጥ ተደጋግመው የሚመጡ ሥርዓቶችን መለየት ይችላል፤ የተሳሳተ ሒሳብም ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ ራሱ ይናገራል።

የአኃዝ ቤቶች

በዛሬው የአጻጻፍ ሥርዓት ቁጥርን ሁሉ የምንጽፈው በአሥር ምልክቶች ብቻ ነው፤ እነርሱም ከ0 እስከ 9 ያሉት ናቸው። ምልክቶቹ ጥቂት ሆነው ሳለ ማንኛውንም ቁጥር መጻፍ የሚቻለው፣ የአንድ አኃዝ ዋጋ በተቀመጠበት ቦታ ስለሚወሰን ነው። በአገራችን ትምህርት ቤቶች እነዚህ ቦታዎች «የአንድ ቤት»፣ «የአሥር ቤት»፣ «የመቶ ቤት»፣ «የሺህ ቤት» እየተባሉ ይጠራሉ። በ4,672 ውስጥ 2 በአንድ ቤት፣ 7 በአሥር ቤት፣ 6 በመቶ ቤት፣ 4 ደግሞ በሺህ ቤት ይገኛሉ። ስለዚህ 7 ሰባ፣ 6 ስድስት መቶ፣ 4 አራት ሺህ ማለት ነው። እያንዳንዱ ቤት በስተቀኙ ካለው ቤት አሥር እጥፍ ይበልጣል።

ዜሮ በራሱ ባዶ ቢሆንም ቤቱን ይጠብቃል። 407 ሲጻፍ ዜሮው «በአሥር ቤት ማንም የለም» ይላል። ዜሮው ከተዘለለ ቁጥሩ 47 ይሆናል፤ አራቱም ከመቶ ቤት ወደ አሥር ቤት ይወርዳል።

ከግእዝ አኃዝ እስከ ባግዳድ

ይህ ሥርዓት ለእኛ የተለመደ ስለሆነ ሁልጊዜ የነበረ ሊመስለን ይችላል። የግእዝ አኃዝን ብንመለከት ግን ልዩነቱ ይታየናል። የግእዝ አኃዝ ሃያ ምልክቶች አሉት፤ ከ፩ እስከ ፱ ዘጠኝ፣ ከ፲ እስከ ፺ ሌሎች ዘጠኝ፣ እንዲሁም የመቶ (፻) እና የእልፍ (፼) ምልክቶች ናቸው። ዜሮ የለውም፤ አያስፈልገውምም፤ ሰባና ሰባት የየራሳቸው ምልክት ስላላቸው የሚጠበቅ ባዶ ቤት የለም።

ይህ አጻጻፍ ዘመን ለመቁጠርና ምዕራፍ ለማመልከት ዛሬም ያገለግላል። በቅነሳ ጊዜ ግን አንድ ነገር ይሰውራል። ከ፯ ላይ ፫ ሲቀነስ ፬ ይቀራል፤ ከ፸ ላይ ፴ ሲቀነስ ፵ ይቀራል። ሁለቱ ስሌቶች በመሠረቱ አንድ ናቸው፤ ምልክቶቹን ብቻ የሚያይ ሰው ግን ዝምድናቸውን አያገኝም። በቦታ ዋጋ ሲጻፉ 7 − 3 = 4 እና 70 − 30 = 40 ይሆናሉ፤ ተመሳሳይነቱም ለዓይን ግልጽ ነው።

የቦታ ዋጋ ያለው ባለ አሥር አኃዝ አጻጻፍ የተወለደው በሕንድ ነው። የሕንዱ ሊቅ ብራህማጉፕታ በ628 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በጻፈው መጽሐፍ ዜሮን የመደመርና የመቀነስ ሕግ ሠርቶለታል። በዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ከ813 እስከ 833 በነገሠው በኸሊፋው አል-መእሙን ዘመን፣ በባግዳድ ይሠራ የነበረው ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኽዋሪዝሚ ስለ ሕንድ ሒሳብ ጻፈ። የዚህ ሥራ የዐረብኛ ቅጂ አልተረፈም፤ ይዘቱ የታወቀው በላቲን ትርጉም በኩል ነው። ዛሬ የኮምፒውተር ባለሙያዎች «አልጎሪዝም» የሚሉት ቃል የእርሱ ስም በላቲን አፍ ሲጠራ የወጣ ነው።

በ952 ገደማ ደግሞ አቡል-ሐሰን አል-ኡቅሊዲሲ በደማስቆ የሒሳብ መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚያን ዘመን ስሌት የሚሠራው አቧራ በተነሰነሰበት ሰሌዳ ላይ ሲሆን፣ አኃዞቹ በየደረጃው እየተሰረዙ ይለወጡ ነበር። አል-ኡቅሊዲሲ ስሌቱን በቀለምና በወረቀት መሥራት እንደሚቻል አሳየ። የዚህ ጥቅም ለሒሳብ ያዥ ሁሉ ግልጽ ነው፤ ያልተሰረዘ ስሌት ወደ ኋላ ተመልሶ ሊመረመር ይችላል። በዐረብኛ ባዶ ማለት የሆነው «ሲፍር» በላቲንና በኢጣልያንኛ በኩል አልፎ «ዜሮ» ሆነ፤ እኛም ቃሉን በዚሁ መልኩ እንጠቀምበታለን።

አንደኛው ሥርዓት፦ አኃዙ አንድ፣ ቤቱ ልዩ

የመጀመሪያው ሥርዓት ከላይ የተጠቀሰው ነው።

8 − 3 = 5
80 − 30 = 50
800 − 300 = 500
8,000 − 3,000 = 5,000

ከስምንት መቶዎች ሦስት መቶዎች ሲወጡ አምስት መቶዎች ይቀራሉ። ሥራው ከ8 ላይ 3 መቀነስ ብቻ ነው፤ የሚለወጠው የቤቱ ስም ነው። ስለዚህ ከ8,000 ላይ 3,000 ለመቀነስ ከልጅነት የምናውቀው የ8 እና የ3 ልዩነት ይበቃል።

ሁለተኛው ሥርዓት፦ አሥር፣ መቶና ሺህ መቀነስ

ከ4,672 ላይ 10 ሲቀነስ 4,662፣ 100 ሲቀነስ 4,572፣ 1,000 ሲቀነስ 3,672 ይሆናል። በእያንዳንዱ ጊዜ የተለወጠው አንድ አኃዝ ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድ ቀንሷል።

ይህን በተግባር የምናየው ዕዳ በየወሩ ሲከፈል ነው። 1,350 ድርሃም የተበደረ ሰው በየወሩ 100 ድርሃም ቢከፍል ቀሪው እንዲህ ይወርዳል፦ 1,250፣ 1,150፣ 1,050፣ 950፣ 850። ሃምሳው ከስፍራው አይነቃነቅም፤ የመቶው ቤት ብቻ አንድ አንድ ይወርዳል። የመቶው ቤት ባዶ ሲሆን፣ ማለትም ከ1,050 በኋላ፣ የሺሁ ቤት ተከፍቶ 950 ይመጣል። በዝርዝሩ ላይ ከ1,050 ቀጥሎ 850 ወይም እንደገና 1,050 ተጽፎ የሚያገኝ ሰው፣ ስሌቱን ሁሉ ከመጀመሪያ ሳይሠራ አንድ ክፍያ እንደተዘለለ ወይም እንዳልተመዘገበ በአንድ ዓይነት እይታ ያውቃል።

በየወሩ 25 ድርሃም የሚከፈልበት ዕቃም የራሱ መልክ አለው፦ 500፣ 475፣ 450፣ 425፣ 400፣ 375። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች 00፣ 75፣ 50፣ 25 እየተባሉ በየአራት ወሩ ይመለሳሉ። በዚህ ተርታ ውስጥ 430 ከታየ አንድ ስሕተት አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሥርዓት፦ ቤቱ ባዶ ሲሆን

ቅነሳ ብዙ ሰው የሚያስቸግረው የሚቀነሰው አኃዝ ካለው ሲበልጥ ነው። በዚህ ጊዜ «መበደር» የሚባለው ነገር ይመጣል። መበደር ማለት በስተግራ ካለው ቤት አንዱን ወስዶ አሥር አድርጎ መዘርዘር ነው። የመቶ ድርሃም ኖት የያዘ ሰው 30 ድርሃም ለመክፈል ኖቱን በአሥር በአሥር እንደሚያስዘረዝረው ማለት ነው፤ ገንዘቡ አልጨመረም፣ አልቀነሰም፤ መልኩን ብቻ ለውጧል።

ይህን ለማየት የዓመተ ምሕረት ስሌት ጥሩ ምሳሌ ነው። ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ድረስ የኢትዮጵያን ዓመት ለማግኘት ከአውሮፓውያኑ ዓመት ላይ 8 ይቀነሳል፤ ከመስከረም 1 እስከ ዲሴምበር መጨረሻ ደግሞ 7 ይቀነሳል። እንግዲህ በ2009 የካቲት ወር የተወለደን ልጅ ብንወስድ፣ 2009 − 8 = 2001 ነው፤ የተለወጠው አንድ አኃዝ ብቻ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ወር ለተወለደው ወንድሙ ግን 2007 − 8 = 1999 ይሆናል። አራቱም አኃዞች ተለወጡ። በሁለቱም ስሌቶች የተቀነሰው 8 ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሁለተኛው ለዓይን እጅግ የራቀ ይመስላል። ምክንያቱ 7 ለ8 ስላልበቃው ጎረቤቱን መጠየቁ ነው፤ የአሥሩ ቤት ባዶ፣ የመቶውም ቤት ባዶ ስለነበረ ጥያቄው እስከ ሺሁ ቤት ዘለቀ። ሰነድ ሲተረጎም እንዲህ ያለ የዓመት ልውውጥ ሲታይ «ይህን ያህል ሊለያይ አይችልም» ብሎ ከመደንገጥ በፊት ልዩነቱን ማስላት ይገባል።

አራተኛው ሥርዓት፦ ዘጠኝ፣ ዘጠኝና አሥር

ከ100 ወይም ከ1,000 ላይ መልስ ማስላት በየቀኑ የሚያጋጥም ነው። ለዚህ ፈጣን መንገድ አለ፤ የሚቀነሰውን ቁጥር የመጨረሻ አኃዝ ከ10 ላይ፣ የቀሩትን አኃዞች ሁሉ ከ9 ላይ መቀነስ ነው።

1,000 − 637 ይሠራ። 6 ለ9 ሲጎድለው 3፣ 3 ለ9 ሲጎድለው 6፣ 7 ለ10 ሲጎድለው 3 ነው፤ መልሱ 363 ይሆናል። 1,000 − 845 በዚሁ መንገድ 155 ነው። ለ100 ድርሃምም ያው ነው፤ 37 ድርሃም ለገዛ ሰው 6 እና 3፣ ማለትም 63 ድርሃም መልስ ይገባዋል። ቁጥሩ በዜሮ የሚያልቅ ከሆነ ዜሮው እንዳለ ተትቶ ከእርሱ በፊት ያለው አኃዝ ከ10 ላይ ይቀነሳል፤ 1,000 − 640 = 360።

ይህ የሚሠራው በሺሁ ቤት ያለው አንዱ ሲዘረዘር 9 መቶዎች፣ 9 አሥሮችና 10 አንዶች ስለሚሆን ነው። 900 እና 90 እና 10 ሲደመሩ ሺህ ይመጣሉ። ብድሩ አስቀድሞ ተጠናቋልና በየቤቱ ከመቀነስ በቀር ሌላ ሥራ አይቀርም።

አምስተኛው ሥርዓት፦ ወደ ሙሉ ቁጥር መጠጋት

99 መቀነስ ከባድ ሲመስል 100 ቀንሶ 1 መመለስ ቀላል ነው። 1,846 − 99 ሲሠራ 1,746 እና 1፣ ማለትም 1,747 ይሆናል። 198 ከሆነ 200 ቀንሶ 2 መመለስ ነው፤ ውጤቱ 1,648 ይሆናል።

የዚህ ወንድም የሆነ ሌላ መንገድም አለ። በሁለቱ ቁጥሮች ላይ እኩል ቢጨመር ልዩነታቸው አይለወጥም። 2,003 − 1,478 ሁለት ዜሮዎችን አልፎ መበደርን ይጠይቃል። በሁለቱም ላይ 22 ቢጨመር ግን ስሌቱ 2,025 − 1,500 ይሆናል፤ መልሱም 525 ነው። የሁለት ወንድማማቾች የዕድሜ ልዩነት ዓመታት ቢያልፉም እንደማይለወጥ ሁሉ፣ ይህም ልዩነት እንዲሁ ጸንቶ ይኖራል።

የዘጠኝ ምልክት

አሁን ወደ 63 ድርሃም እንመለስ። አንድ አኃዝ በስሕተት ወደሚቀጥለው ቤት ሲገባ ዋጋው አሥር እጥፍ ይሆናል። አሥር እጥፉ ላይ ትክክለኛው ሲቀነስ ዘጠኝ እጥፉ ይቀራል።

40 − 4 = 36
50 − 5 = 45
70 − 7 = 63
80 − 8 = 72

ልዩነቶቹ ሁሉ ለዘጠኝ ያለ ቀሪ ይካፈላሉ። ይህን ለማወቅ ማካፈል እንኳ አያስፈልግም፤ አኃዞቹ ሲደመሩ 9 ወይም የ9 ብዜት ከሆኑ ቁጥሩ ለ9 ይካፈላል። ከዚህም በላይ ልዩነቱን ለ9 ማካፈል የተሳሳተውን አኃዝ ራሱን ይሰጣል። 63 ለ9 ሲካፈል 7 ነው። በደብተሩ ላይ 70 መፈለግ የተገባውም ለዚህ ነበር።

በዐረብኛ የሚሰማን ቁጥር ለሚጽፍ ሰው ይኸው ምልክት ሌላም ስሕተት ይጠቁማል። አማርኛ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል፤ «ሃያ አምስት» ስንል አሥሩን አስቀድመን ነው፤ አጻጻፉም እንዲሁ ነው። ዐረብኛ ግን አንዱን ያስቀድማል፤ «ኸምሳ ወ ዒሽሪን»፣ ማለትም አምስትና ሃያ ይላል። የሰማውን በቅደም ተከተሉ የሚጽፍ ሰው 25 ማለት ሲገባው 52 ብሎ ሊጽፍ ይችላል። 52 − 25 = 27 ነው፤ 2 እና 7 ሲደመሩ 9 ይሆናሉ። 27 ለ9 ሲካፈል የሚገኘው 3፣ የሁለቱ አኃዞች የ5 እና የ2 ልዩነት ነው። የሁለት ጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጥ የሚፈጠረው ልዩነት ምንጊዜም የ9 ብዜት ነው፤ ይህን ሥርዓት ሒሳብ ያዦች ስሕተት ለመፈለግ ይጠቀሙበታል።

ስለዚህ 63 ሲታይ መፈለግ ያለበት 70 ብቻ አይደለም። በ7 የሚለያዩ አኃዞች ያሏቸው 81 (ለ18) ወይም 92 (ለ29) ተጽፈው እንደሆነም መታየት አለበት። ማስጠንቀቂያም አለ። የዘጠኝ ብዜት በአጋጣሚም ሊመጣ ይችላል፤ ከዘጠኝ ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላልና። ምልክቱ የት መፈለግ እንደሚገባ ይጠቁማል፤ የሚያረጋግጠው ግን ደረሰኙ ነው።

ለ9 የማይካፈል ልዩነትም የራሱን ፍንጭ ሊሰጥ ይችላል። በዐረብኛ ጽሑፍ የሚሠራባቸው አኃዞች መልክ ከለመድናቸው ይለያል፤ አምስት ክብ ሆኖ የእኛን ዜሮ ይመስላል፣ ዜሮ ደግሞ ነጥብ ብቻ ነው፤ ስድስትም የእኛን 7 ይመስላል። አምስትን እንደ ዜሮ ያነበበ ሰው የሚያገኘው ልዩነት እንደ ቤቱ 5፣ 50 ወይም 500 ነው። ስድስትን እንደ ሰባት ያነበበ ደግሞ 1፣ 10 ወይም 100 ይለያይበታል። በዜሮዎች የታጀበ አንድ ነጠላ አኃዝ በልዩነት ላይ ሲታይ፣ ስሕተቱ በአንድ ቤት ውስጥ ብቻ እንደተፈጠረ ያመለክታል።

አሥር የማይሆኑ ቤቶች

እስካሁን ያየናቸው ሥርዓቶች የሚጸኑት እያንዳንዱ ቤት በአሥር ሲዘረዘር ነው። በዕለት ኑሮ ግን ሌላ ዝርዝር ያላቸው መለኪያዎችም አሉ።

የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ድርሃም 100 ፊልስ፣ የሳዑዲ ዐረቢያ ሪያል 100 ሃላላ፣ የኢትዮጵያ ብር 100 ሳንቲም አላቸው። የኩዌትና የባሕሬን ዲናሮች ግን እያንዳንዳቸው 1,000 ፊልስ፣ የኦማን ሪያልም 1,000 ባይሳ አላቸው። ስለዚህ በዱባይ ከ20 ድርሃም ላይ 13.25 ሲቀነስ 6.75 ተብሎ በሁለት አኃዝ ይጻፋል። በኩዌት ከ10 ዲናር ላይ ሁለት ዲናር ከ750 ፊልስ ሲቀነስ 7.250 ተብሎ በሦስት አኃዝ ይጻፋል። 2.500 ዲናር ሁለት ዲናር ተኩል እንጂ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አይደለም። ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የተዛወረ ሠራተኛ ነጥቧን አስተውሎ ማየት ይጠቅመዋል።

ሰዓት ደግሞ በ60 ይዘረዘራል። አንድ ሠራተኛ በ24 ሰዓት አቆጣጠር በ7:20 ገብቶ በ16:05 ቢወጣ፣ ስንት ሰዓት ሠራ? ከ05 ላይ 20 አይቀነስም፤ ስለዚህ ከ16ቱ ሰዓት አንዱ ይዘረዘራል። አንድ ሰዓት 60 ደቂቃ ስለሆነ 16:05 ወደ 15:65 ይለወጣል፤ 15:65 ላይ 7:20 ሲቀነስ 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀራል። ይህን በተራ የሒሳብ ማሽን 16.05 − 7.20 ብሎ የሠራ ሰው 8.85 ያገኛል። ማሽኑ አንዱን ሰዓት በ100 ስለዘረዘረው ትርፉ 40 ደቂቃ ነው። እንዲህ ያለ ሒሳብ የደቂቃው ቁጥር 60ን በማለፉ ይታወቃል፤ ሁልጊዜ ግን አያልፍም፤ ለምሳሌ 16.05 − 7.50 በማሽን 8.55 ይሰጣል፤ ትክክለኛው 8 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያውን የሚመዘግብ ሠራተኛ ሰዓቱንና ደቂቃውን ለየብቻ ቢቀንስ ከዚህ ስሕተት ይድናል።

ለተግባር የሚሆኑ ጥቂት ምክሮች

በዐረብኛ ዋጋ ሲነገር የቃሉን መጨረሻ ማዳመጥ ይጠቅማል። አራት «አርበዓ» ሲሆን አርባ «አርበዒን» ነው፤ ሰባት «ሰብዓ» ሲሆን ሰባ «ሰብዒን» ነው። «ኸምሲን»፣ «ሠማኒን»፣ «ዒሽሪን» ሁሉ በ«ኢን» ያልቃሉ። «ኢን» ካልተሰማ ቁጥሩ ከሃያ እስከ ዘጠና ያለ የአሥር ቤት ስም አይደለም። ጥርጣሬ ካለ ነጋዴው በወረቀት ወይም በስልክ ላይ እንዲጽፈው መጠየቅ ነውር የለበትም።

ቅነሳን በመደመር ማረጋገጥም ልማድ ሊሆን ይገባል። 912 − 849 = 63 ከተባለ፣ 849 እና 63 ሲደመሩ 912 መምጣት አለባቸው። ደመወዝ ሲከፈልም የተቀነሰው ሁሉና የተከፈለው ሲደመሩ ሙሉውን ደመወዝ መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ መጀመሪያ የጎደለውን ወይም የተረፈውን ቁጥር መጻፍ፣ ቀጥሎ አኃዞቹን መደመር፣ ከዚያም ለ9 መካፈሉን ማየት ነው። ሒሳቡን ለሠራው ሰው «ተሳስተሃል» ከማለት «ይህ 18 ነው ወይስ 81?» ብሎ መጠየቅ ይቀላል፤ ለክርክርም በር አይከፍትም።

ያቺ እህት ከዚያ በኋላ በደብተሯ ላይ አንድ ዓምድ ጨመረች። ዋጋውን በአኃዝ ከጻፈች በኋላ በአጠገቡ በፊደል «ሰባት» ወይም «ሰባ» ብላ ትጽፋለች፤ ዕቃውን ያመጣውም ሰው አኃዙን አይቶ ከመሄዱ በፊት ከጎኑ ይፈርማል።